ባዶውን ሰዓት ማን ይሙላው? በአነስተኛ ወጪ ስለተሠሩ የቴሌቪዥን ማሟያ ፕሮግራሞች

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር በቴሌቪዥን ዝግጅት ኮርስ ለቡድናችን የሃያ ደቂቃ የቀጥታ ስርጭት ልምምድ ተሰጥቶን ነበር። ዜና አለን፣ ቃለ መጠይቅ አለን፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። እንግዳችን ግን ‹‹ታክሲ አጣሁ›› ብሎ ቀረ። ስድስት ደቂቃ ባዶ ሆነብን። ደግነቱ ካሜራ የያዘው ጓደኛችን በዋዜማው በግቢው በር አጠገብ ቡና የምታፈላውን ሴትዮ ቀርጾ ነበር፤ እሱን ለቀቅነው። ቡናው ታጠበ፣ ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ጀበናው ተጣደ፣ ሲኒው ተቀዳ። አራት ደቂቃ ፈጀ። የቀረውን ሁለት ደቂቃ ምን እናድርገው? ከመጀመሪያው ደግመን ለቀቅነው። አሁን የተቀዳው ቡና ተመልሶ ጥሬ ሆነና እንደገና ሲታጠብ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህራችን አልሳቁም። ‹‹ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጥፋታችሁ ቡናውን መቅዳታችሁ ነው›› አሉን። ያን ቀን ነገሩ አልገባኝም፣ በኋላ ግን ሳነብ ገባኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ በተለይም አነስተኛ የአካባቢ ጣቢያዎች፣ ገንዘብ ሳይኖራቸው ባዶ ሰዓታቸውን በምን ይሞሉ እንደነበር፣ እነዚያ ፕሮግራሞች ለምን እንደጠፉና ለእኛ ምን እንደሚያስተምሩን ለመዳሰስ ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሟያ ፕሮግራም ሲባል ምን ማለት ነው?

ቴሌቪዥን እንደ ጋዜጣ አይደለም። ጋዜጣ ላይ ጽሑፍ ቢያጥር ፎቶውን ከፍ አድርጎ ወይም ማስታወቂያ ጨምሮ ገጹን መዝጋት ይቻላል። ቴሌቪዥን ላይ ግን ሰዓቱ አይጠብቅም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰባት ሰዓት ነው፣ የሆነ ነገር መታየት አለበት። ስለዚህ ከዋናው ፕሮግራም በፊት፣ በኋላ ወይም በመሀል የሚተርፈውን ጊዜ ለመሸፈን በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ዝግጅት አለ። ማሟያ የምንለው ይህንን ነው።

ሁለት ዓይነት አድርገን ብናየው ይቀላል። አንደኛው ደቂቃ የሚሞላ ነው፤ በሁለት ፕሮግራሞች መካከል የሚገባ ሙዚቃ ወይም ሥዕል። ሁለተኛው ሰዓት የሚሞላ ነው፤ ጣቢያው የሚያሳየው አጥቶ እኩለ ሌሊት ላይ ወይም በጠዋት ርካሽ ፕሮግራም ሲያስቀምጥ። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ችግር ነው፤ ሰዓቱ ብዙ፣ ገንዘቡ ትንሽ መሆኑ ነው።

የማያልቀው ሸክላ

ስለ መጀመሪያው ዓይነት ስናነሳ በብዛት የሚጠቀሰው የእንግሊዙ ቢቢሲ ነው። ቢቢሲ ትልቅ ድርጅት እንጂ የአካባቢ ጣቢያ አይደለም። ቢሆንም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስቱዲዮው ጥቂት ነበር፣ አብዛኛው ዝግጅትም በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። አንድ ድራማ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ድረስ ዕቃ መነሳት፣ ካሜራ መዞር፣ ተዋናይ ልብስ መለወጥ አለበት። አንዳንዴም መስመር ይቋረጣል። ያንን ክፍተት ለመሸፈን ትንንሽ ፊልሞች ተሠሩ። አንዲት ድመት በክር ኳስ ትጫወታለች፤ ፈረሶች መሬት ያርሳሉ፤ ባቡር ከለንደን ተነስቶ በአራት ደቂቃ ብራይተን ይገባል (ፊልሙ ተፋጥኖ ማለት ነው)። ከሁሉም የታወቀው ግን በ1953 የተሠራው የሸክላ ሠሪው ፊልም ነው። ሁለት እጆች በሚሽከረከር ጎማ ላይ ጭቃ ይዘው ቅርጽ ያወጣሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ያወጣሉ።

ሸክላው ግን አያልቅም። ተመልካቹ ‹‹መቼ ነው የሚጨርሰው?›› እያለ ይቀልድበት ነበር። ለቴክኒክ ክፍሉ ግን ጥቅሙ እዚያ ላይ ነበር። ቀጣዩ ፕሮግራም በሁለት ደቂቃ ቢደርስ በሁለት ደቂቃ ይቆረጣል፤ በአምስት ቢደርስ በአምስት። መጨረሻ የሌለው ነገር የትም ላይ ቢቆረጥ አይጎድልበትም። የእኛ ቡና ግን መጨረሻ ነበረው። ሲኒው ከተቀዳ በኋላ ታሪኩ አለቀ፤ መድገም ደግሞ ማጭበርበር መሰለ። የመምህራችን ነገር ያኔ ገባኝ። ጀበናው ላይ ብቻ፣ እንፋሎቱ ላይ ብቻ ብንቆይ ኖሮ ስድስት ደቂቃ ሳይሆን አሥር ደቂቃም ያስኬደን ነበር።

የአሜሪካ የአካባቢ ጣቢያዎች ባዶ ሰዓት ለምን በዛባቸው?

ወደ ሁለተኛው ዓይነት ስንመጣ ዋናው አገር አሜሪካ ነው። እዚያ ጣቢያዎቹ በየከተማው ናቸው። ኤቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ የሚባሉት ኔትወርኮች ከሚያስተላልፉት ጋር የተያያዘ ጣቢያ የቀኑን ከፊል ከእነሱ ያገኛል። የቀረውን፣ ማለትም ጠዋቱን፣ ከሰዓቱንና ሌሊቱን ራሱ ይሞላል። ከኔትወርክ ጋር ያልተያያዘ ‹‹ነፃ›› ጣቢያ ደግሞ ሃያ አራቱንም ሰዓት የራሱ ዕዳ ነው።

ችግሩን ያባባሰ አንድ ሕግም አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1962 ባወጣው ሕግ መሠረት ከ1964 ጀምሮ የሚመረቱ ቴሌቪዥኖች በሙሉ ዩኤችኤፍ የተባለውን ሞገድም እንዲቀበሉ ታዘዘ። ከዚያ በፊት ዩኤችኤፍ ላይ ጣቢያ መክፈት ማንም የማያየው ጣቢያ መክፈት ነበር። ከሕጉ በኋላ ግን በየከተማው አዳዲስ ትንንሽ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ፈቃድ አላቸው፣ ማማ አላቸው፣ አንድ ስቱዲዮና ሁለት ሦስት ካሜራ አላቸው። ፕሮግራም ግን የላቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? ሦስት መንገድ ይዘው እናገኛቸዋለን።

ሀ. አሮጌ ፊልምና አንድ አስተናጋጅ

በጣም ርካሹ ነገር አሮጌ ፊልም ነበር። በ1957 ስክሪን ጀምስ የተባለው ድርጅት 52 የዩኒቨርሳል አሮጌ አስፈሪ ፊልሞችን ‹‹ሾክ!›› በሚል ጥቅል ለየከተማው ጣቢያዎች አከራየ። ፊልሞቹ እንደ ድራኩላና ፍራንከንስታይን ያሉ ናቸው። ግን ሰው ያየውን ፊልም እንደገና እንዲያይ በምን ይሳባል? መልሱ ከሦስት ዓመት በፊት ሎስ አንጀለስ ላይ ተገኝቶ ነበር። በ1954 ኬኤቢሲ ጣቢያ ማይላ ኑርሚ የተባለችውን ሴት ‹‹ቫምፓይራ›› ብሎ አቀረባት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ከጭጋግ ውስጥ ትወጣለች፣ ትጮኻለች፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ በፊልሙ ላይ ትቀልዳለች። ሻማ፣ ሶፋና የጭስ ማሽን፤ ወጪው ይኸው ነው። የ‹‹ሾክ!›› ጥቅል ሲመጣ በየከተማው የዚህ ዓይነት አስተናጋጅ ፈላ።

ከእነሱ ውስጥ ለእኔ በጣም የሚገርመኝ የክሊቭላንዱ ነው። ኧርኒ አንደርሰን የተባለ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አስተዋዋቂ ከ1963 እስከ 1966 ደብልዩጄደብልዩ ጣቢያ ላይ ‹‹ጉላርዲ›› የሚባል ገጸ ባሕርይ ሆኖ ዓርብ ማታ ይወጣ ነበር። የውሸት ጺም፣ የላቦራቶሪ ካፖርትና አንድ መስታወት የጎደለው ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ፊልሙ መጥፎ መሆኑን አይደብቅም፤ እንዲያውም ‹‹ይሄ ፊልም አይረባም፣ ሄዳችሁ ተኙ›› ዓይነት ነገር ይላል። በፊልሙ መሀል የራሱን ምስል ያስገባል፣ ያልነበረ ድምፅ ይጨምራል። ከተማው በሙሉ ያን ቋንቋ መናገር ጀመረ። ጣቢያው ውስጥ የቴክኒክ ሠራተኛ የነበረው ቹክ ሾዶውስኪ ከእሱ ጋር ሲሠራ ቆይቶ በኋላ ራሱ አስተናጋጅ ሆነና ከተለያዩ አጋሮች ጋር በዚያው ከተማ እስከ 2007 ቀጠለ። ከኬብል ሠራተኝነት ወደ አቅራቢነት ማለት ነው። ይህ ዕድል በትልቅ ኔትወርክ ውስጥ ይገኛል? አይመስለኝም።

ለ. የልጆች ፕሮግራም በኪራይ

ሁለተኛው መንገድ ሐሳቡን ከሌላ ተከራይቶ ሰውን ከከተማው ማውጣት ነው። ‹‹ሮምፐር ሩም›› የሚባለው የሕፃናት ፕሮግራም በ1953 ባልቲሞር ተጀመረ። ባለቤቶቹ ቴፑን ከመሸጥ ይልቅ አሠራሩን ይሸጡ ነበር። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን አስተማሪ ያወጣል፣ የራሱን ሰፈር ልጆች ስቱዲዮ ያስገባል። በመጨረሻ አስተማሪዋ አስማታዊ መስታወት ትይዝና የልጆች ስም ትጠራለች፤ ‹‹እገሌን አየዋለሁ፣ እገሊትን አያታለሁ›› ትላለች። ቤት ያለው ሕፃን ስሙ እስኪጠራ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ስም መጥራት ምን ያህል ወጪ አለው? ምንም። ግን ከሌላ ከተማ የመጣ ፕሮግራም ይህን ማድረግ አይችልም።

‹‹ቦዞ›› የሚባለው አስቂኝ ገጸ ባሕርይም እንዲሁ ነበር። ላሪ ሃርመን መብቱን በ1950ዎቹ ገዝቶ ለየከተማው ጣቢያ አከፋፈለው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ሰው ቀይ ጸጉር አድርጎ ቦዞ ያደርገዋል። የዋሽንግተኑ ቦዞ ዊላርድ ስኮት በኋላ በ1963 የመጀመሪያው የማክዶናልድ ማስታወቂያ ሮናልድ ሆነ፤ ከዚያም በመላ አገሪቱ የታወቀ የአየር ጠባይ አቅራቢ ሆነ። የቺካጎው ቦዞ ደግሞ እስከ 2001 ቆየ።

ሐ. እሳት

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ምንም አለማድረግ! በ1966 የኒውዮርኩ ደብልዩፒአይኤክስ ጣቢያ ኃላፊ ፍሬድ ትሮወር ለገና ዋዜማ አንድ ነገር አሰበ። ኒውዮርክ ውስጥ አብዛኛው ሰው በአፓርታማ ስለሚኖር ቤቱ የእሳት ምድጃ የለውም። ስለዚህ ምድጃውን በቴሌቪዥን እንስጠው አለ። በከተማው ከንቲባ መኖሪያ ቤት ሄደው የሚነድ ግንድ ቀረጹ፤ የገና ሙዚቃ አደረጉበት፤ ያለ ማስታወቂያ ለሦስት ሰዓት ለቀቁት። የተደጋገመው ፊልም ርዝመት 17 ሰኮንድ ብቻ ነበር።

በቀረጻው ጊዜ እሳቱ በደንብ እንዲታይ ብለው መከለያውን ስላነሱት ፍንጣሪ ወጥቶ የቤቱን ምንጣፍ አቃጠለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊልሙ ሲያረጅ እንደገና ልንቅረጽ ብለው ቢጠይቁ አልተፈቀደላቸውም። በ1970 ካሊፎርኒያ ሄደው ቀረጹ፤ ይኼኛው ከስድስት ደቂቃ በላይ ስለነበር መደጋገሙ አይታወቅም። ፕሮግራሙ እስከ 1989 በየዓመቱ ታየ፤ ቀጥሎ ተቋረጠ። ከ2001 የመስከረም ጥቃት በኋላ ግን ከተማው ሐዘን ላይ በነበረበት በዚያው ዓመት ገና ተመለሰ፤ በሰዓቱም ከከተማው ጣቢያዎች ብዙ ተመልካች ያገኘው እሱ ሆነ። 

ከባዶ ሰዓት የወጣ ትውልድ

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1988 በሚኒያፖሊስ ኬቲኤምኤ የሚባል ቻናል 23 ላይ ያለ ደካማ ጣቢያ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ማንም የማይፈልጋቸው ፊልሞች ነበሩት። ጆኤል ሆጅሰን የተባለ ኮሜዲያን ከወዳደቀ ዕቃ ሮቦቶች ሠርቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ሰውና ሮቦቶቹ በማያ ገጹ ሥር ጥላቸው እየታየ ፊልሙን ከእኛ ጋር ያያሉ፣ እያዩም ይቀልዳሉ። አብዛኛው ቀልድ አልተጻፈም፤ እዚያው የመጣላቸውን ነው የሚሉት። ተመልካች ስልክ ደውሎ አስተያየት እንዲተው ቁጥር ሰጡ። በኅዳር ወር የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በዓመቱ ወደ ኬብል ቴሌቪዥን ተዛወረ፤ እስከ 1999 ቆየ፤ በ2017 እንደገና ኔትፍሊክስ ላይ ተነሳ።

ጣቢያው ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ የተሻለ ፊልም ይገዛ ነበር፤ ያ ፕሮግራምም ባልተወለደ። ይህን ስል ድህነት ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጉላርዲ ስማቸው ያልቀረ፣ ሰው ያሰለቹ ብዙ ማሟያዎች እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። ማለት የፈለግኩት፣ ማንም የማይቆጣጠረው ሰዓት ጀማሪ ሊሳሳትበት የሚችል ሰዓት ነው። በዋናው ሰዓት መሳሳት ከሥራ ያስባርራል፤ እኩለ ሌሊት ላይ መሳሳት ግን ያስተምራል።

ታዲያ ለምን ጠፉ?

በቀላሉ ‹‹ኬብል መጣና ጠፉ›› ይባላል። ኬብል አንድ ምክንያት ነው፤ ግን ሌሎችም አሉ።

አንደኛ፣ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1970ዎቹ የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ዕቃ እንዳያስተዋውቅ ከለከለ። ለልጆች ሲባል ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የአካባቢው የልጆች አስተናጋጅ ይተዳደር የነበረው በዚሁ ስለነበረ ጣቢያው ገቢ ሲያጣ ፕሮግራሙን ዘጋው።

ሁለተኛ፣ ኮሚሽኑ በ1971 ሥራ ላይ የዋለ ደንብ አውጥቶ በትልልቅ ከተሞች ኔትወርኮች የማታውን ዋና ሰዓት በሙሉ እንዳይዙ አደረገ። ሐሳቡ ጣቢያዎቹ የራሳቸውን እንዲሠሩ ነበር። ጣቢያዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመሥራት ይልቅ ርካሽ የጥያቄና መልስ ውድድር ገዝተው አስገቡበት። ደንቡ በ1996 ተነሳ። ከዚህ የምንማረው ሕግ ባዶ ሰዓት መፍጠር ቢችልም የሚሞላውን ሰው ግን መፍጠር እንደማይችል ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በ1984 በሰዓት ውስጥ በሚገባ ማስታወቂያ ላይ የነበረው ገደብ ተነሳ። ከዚያ በኋላ አንድ ድርጅት ሠላሳ ደቂቃውን በሙሉ ገዝቶ መጥበሻውን ሲያስተዋውቅ ማደር ቻለ። እስቲ በጣቢያው ባለቤት ቦታ ሆነን እናስበው። ቀደም ሲል እኩለ ሌሊት ወጪ ነበር፤ ትንሽ ቢሆንም ለአስተናጋጁ ይከፈላል። አሁን እኩለ ሌሊት ገቢ ሆነ። ማን ነው ገቢ ትቶ ወጪ የሚመርጥ? ስለዚህ ማሟያ የጠፋው ሰው ጠልቶት አይደለም፤ ባዶ ሰዓት ራሱ ስለተሸጠ ነው።

በዚህ ላይ የታሪክ ጉዳትም አለ። ያኔ ቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር አንዱን በአንዱ ላይ ይቀርጹ ነበር፤ ብዙው ደግሞ በቀጥታ ተላልፎ ምንም አልተቀዳም። ከቫምፓይራም ከጉላርዲም የቀረው ቁርጥራጭ ነው። የምድጃው ፊልም እንኳ ጠፍቶ የተገኘው የሌላ ፕሮግራም ስም በተለጠፈበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ‹‹ማሟያ ነው›› የተባለን ነገር ማንም መዝግቦ አያስቀምጥም።

ወደ እኛ ስንመጣ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የገባው በ1977 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ አገሪቱ የነበራት አንድ ጣቢያ ብቻ ስለነበር የእኛ ታሪክ እንደ አሜሪካኖቹ የውድድር አይደለም። ቢሆንም በጥቂት ወጪ ሰዓት መሙላትን እኛም እናውቀዋለን። ታላላቆቻችን በፕሮግራሞች መሀል ስለሚለቀቀው የመሣሪያ ሙዚቃና የመልክዓ ምድር ሥዕል ሲያወሩ እንሰማለን። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ደግሞ ቴሌቪዥኑ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ አርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል። በእርግጥ የእሳቸው ፕሮግራም ማሟያ አይባልም፤ የልጆች ዋና ፕሮግራም ነበር። ወጪውን ግን እንየው፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ወንበር፣ ጥቂት ልጆች። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነው ትውልድ የሚያስታውሰው የስቱዲዮውን ውበት አልነበረም፤ ‹‹ልጆች›› ሲሉ ለእሱ የተናገሩ የሚመስለውን ድምፅ ነው።

ዛሬ ጣቢያው ብዙ ነው፤ የክልሉ፣ የግሉ፣ የሳተላይቱ። ሃያ አራት ሰዓት የሚያስተላልፉትም ሌሊቱን በሙዚቃ ክሊፕ፣ በድጋሚ ስርጭትና ስፖንሰር በከፈለበት ፕሮግራም ሲሞሉት እናያለን። ከዚህ ዲፓርትመንት ስንመረቅ አብዛኞቻችን የምንቀጠረው ዋና ዜና ለማንበብ አይደለም። ‹‹እስቲ ይቺን ግማሽ ሰዓት ሙላት›› እንባላለን። ያኔ ‹‹በጀት የለም›› ብለን ድጋሚ ስርጭት እንጭናለን ወይስ የራሳችንን እንሞክራለን? ለእኔ ጥያቄው ይህ ነው።

ማጠቃለያ

ካየነው ውስጥ ለተግባር የሚጠቅሙትን አራት ነገሮች ላስቀምጥ።

1. ደቂቃ የሚሞላ ነገር መጨረሻ ባይኖረው ይመረጣል። የትም ቢቆረጥ የማይጎዳ መሆን አለበት።

2. ሰዓት የሚሞላ ነገር ሰው ያስፈልገዋል። ፊልሙ ርካሽ ቢሆን እንኳ ፊልሙን የሚያየው ሰው ርካሽ መሆን የለበትም። ተመልካች የሚመለሰው ወደ ሰው ነው።

3. ትልቁ ጣቢያ የማይችለውን ፈልጉ። የሰፈር ልጅ ስም መጥራት፣ የከተማውን ቀልድ ማወቅ፣ የአካባቢውን ቋንቋ መናገር ገንዘብ አይጠይቅም።

4. ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት። ዛሬ ማሟያ ያልነው ነገ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

የእኛን ነገር በተመለከተ፣ በዚህ ሴሚስተር ቡድናችን ሌላ ልምምድ አለው። ካሜራ የያዘው ጓደኛችን ቡና ወደምታፈላው ሴትዮ ተመልሶ ሄዶ ነበር። ‹‹ደግሞ ምን ፈለግክ?›› አለችው። ‹‹ጀበናውን ብቻ›› አላት። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርጾ መጣ። ሲኒ የለበትም። ‹‹ጀበና፣ 1›› ብለን ቀኑን ጽፈን አስቀምጠነዋል። እንግዳ ቢቀርብን አሁን አንደነግጥም።